ዛንዚባር ልትሄዱ ነው? መጀመሪያ የባሕሩን ሰዓት እወቁ

ዛንዚባር በገባሁበት ቀን፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ፣ የክፍሌን መስኮት ከፈትኩ። ባሕሩ የለም። ሆቴሉን ስመርጥ ያየሁት ፎቶ ላይ ሰማያዊ ውሃ ደጃፉ ድረስ ይመጣ ነበር። እኔ ያየሁት ግን እርጥብ አሸዋ፣ እዚህም እዚያም ኩሬ፣ ጎንበስ ብለው የባሕር ሣር የሚሰበስቡ ሴቶች ነው። ውሃው በሩቁ እንደ ክር ቀጥኗል። ዘበኛውን «ባሕሩስ?» አልኩት። «ኢታሩዲ» አለኝ። ይመለሳል ማለት ነው። እውነትም ማታ ተመለሰ። እኔ ግን ተኝቼ ነበር።

ይህን መመሪያ የምጽፈው እናንተም እንደኔ እንዳትሆኑ ነው። ቪዛውም፣ ገንዘቡም፣ ታክሲውም አለበት። ሆቴል ከመያዛችሁ በፊት ግን ስለ ባሕሩ የጻፍኩትን ክፍል አንብቡ።

መቼ ልሂድ?

ለአዲስ አበባ ሰው ነገሩ ቀላል ነው። እኛ ጋ ክረምት ሲሆን እዚያ ደረቅ ነው። ከሰኔ መጨረሻ እስከ ጥቅምት ዝናቡ ትንሽ ነው፤ ከደቡብ ምሥራቅ የሚነፍሰው «ኩሲ» የሚባለው ነፋስም ሙቀቱን ያበርደዋል። እኛ ጃንጥላ ይዘን ጭቃ ስንዘል እነሱ ዓሣ ያሰጣሉ።

ከታኅሣሥ እስከ የካቲት «ካስካዚ» የሚባለው የሰሜን ምሥራቅ ነፋስ ጊዜ ነው። ይሞቃል፤ ይወብቃል። ባሕሩ ግን ለመጥለቅ ጥሩ ነው። የፈረንጆች ገናና አዲስ ዓመት ሰሞን ዋጋው ጣሪያ ይነካል። የኛን ገና አሳልፋችሁ ብትሄዱ ይረክሳል።

ተጠንቀቁ የምለው ለፋሲካ ነው። የእረፍት ቀን ስለሚበዛ ብዙ ሰው ያኔ ይነሣል። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ግን «ማሲካ» የሚሉት ከባድ ዝናብ ነው። አንዳንድ ሆቴሎች ጭራሽ ይዘጋሉ። ኅዳር አካባቢ የሚመጣው «ቩሊ» አጭር ነው፤ ዘንቦ ወዲያው ያባራል።

ረመዳንንም እዩ። የደሴቲቱ ነዋሪ ከሞላ ጎደል ሙስሊም ነው። በጾሙ ወር ቀን ቀን ብዙ ምግብ ቤት ይዘጋል። መንገድ ላይ መብላትና መጠጣት ነውር ነው። ማታ ግን ከተማው በሌላ መልክ ይነቃል።

ወረቀቶቹ

ዛንዚባር የታንዛኒያ አካል ናት፤ የራሷ ፕሬዚዳንትና ፓርላማ ቢኖራትም ቪዛው የታንዛኒያ ነው። ማመልከት ያለባችሁ በታንዛኒያ ኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት ኦፊሴላዊ ድረ ገጽ ብቻ ነው። እሱን የሚመስሉ፣ ዋጋ የሚጨምሩ የደላላ ገጾች ሞልተዋል። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዛችሁ «እዚያው ስደርስ ይመታልኛል» ብላችሁ አትነሡ። ብዙ ሳምንት ቀድማችሁ አመልክቱ፤ ቪዛው ሳይወጣም የማይመለስ ትኬት አትቁረጡ። ተራው የቱሪስት ቪዛ 50 ዶላር ነው። የአሜሪካ ፓስፖርት የያዘ ግን 100 ዶላር ይከፍላል፤ ደጋግሞ የሚያስገባው ቪዛ ነው የሚሰጠው። ከዲሲ መጥታችሁ በአዲስ አበባ የምታልፉ ዘመዶቼ፣ ይህን አስቡበት። ፓስፖርታችሁ ቢያንስ ስድስት ወር ይቅረው።

ሁለተኛው ወረቀት ኢንሹራንስ ነው። እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 1 ቀን 2024 ጀምሮ ዛንዚባር የሚገባ የውጭ አገር ሰው የደሴቲቱን የጉዞ ኢንሹራንስ መግዛት ግዴታው ነው። ሲጀመር 44 ዶላር ነበር፤ ለ92 ቀን ያገለግላል። ሌላ ኢንሹራንስ አለኝ ማለት አያድንም። ከመነሣታችሁ በፊት በኢንተርኔት ግዙና ማረጋገጫውን ስልካችሁ ላይ አስቀምጡ። ከዳሬሰላም በጀልባ ብትመጡም ያው ነው።

ሦስተኛው ቢጫ ካርድ ነው። ኢትዮጵያ የቢጫ ወባ ስጋት ካለባቸው አገሮች ስለምትቆጠር፣ ከእኛ አገር የሚነሣ መንገደኛ የክትባት ካርድ ይጠየቃል። ክትባቱን ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን ቀድማችሁ ውሰዱ። አንዴ ከወሰዳችሁ ለዕድሜ ልክ ነው። ካርዱን ግን ከፓስፖርቱ ጋር አስራችሁ አኑሩት። ወባ በዛንዚባር ከዋናው ምድር በጣም ያነሰ ቢሆንም አልጠፋም። ሐኪም ጠይቁ፣ አጎበር ያለው ክፍል ያዙ፣ ማታ ማታ ረጅም እጅጌ ልበሱ።

ገንዘብና ሻንጣ

መገበያያው የታንዛኒያ ሽልንግ ነው። ከኛ ባንክ ለጉዞ ዶላር ለማግኘት ፓስፖርት፣ ቪዛና ትኬት ስለምትጠየቁ ነገሩን ለመጨረሻው ቀን አትተዉት። ዶላሮቹን ስትቀበሉ የታተሙበትን ዓመት እዩ። እ.ኤ.አ. ከ2006 በፊት የታተመ፣ የተቀደደ ወይም የተጻፈበት ዶላር እዚያ ማንም አይቀበላችሁም። ብር ይዞ ሄዶ መመንዘርን እርሱት። ኤቲኤም ያለው በዋናነት ስቶን ታውን በሚባለው አሮጌው ከተማ ነው፤ በባሕር ዳር መንደሮች ወይ የለም፣ ወይ ባዶ ነው። ስለዚህ ከከተማ ከመውጣታችሁ በፊት አውጡ።

ሻንጣ ውስጥ ሦስት ነገር እንዳይቀር። አንደኛ፣ ሦስት ጠፍጣፋ ቀዳዳ ላለው የእንግሊዝ ሶኬት የሚሆን አዳፕተር፤ የኛ ክብ እግር አይገባም። ሁለተኛ፣ የጎማ ጫማ፤ ለምን እንደሆነ እነግራችኋለሁ። ሦስተኛ፣ ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ። ባሕር ዳር ላይ በዋና ልብስ መሆን ችግር የለውም። ከተማና መንደር ውስጥ ግን ነውር ነው፤ ሊያስቀጣም ይችላል። ለኛ ሰው ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ ነጠላ ያዙና ተገላገሉ። ፌስታል አታምጡ፤ ክልክል ነው።

መንገዱ

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከቦሌ ዛንዚባር ይበራል። ቀጥታ ከሆነ ሦስት ሰዓት እንኳ አይሞላም። ኪሊማንጃሮ አርፎ የሚቀጥልም ስላለ ትኬት ስትቆርጡ እዩ። ዳሬሰላም ጉዳይ ያለው ሰው በፈጣን ጀልባ ሁለት ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። ወደቡ ላይ «ልሸከምልህ፣ ትኬት ልቁረጥልህ» የሚለው ስለሚበዛ ትኬቱን ከቢሮው ብቻ ግዙ። ባሕሩ የሚያስመልሳችሁ ከሆነ ክኒኑን ከመሳፈራችሁ በፊት ዋጡ።

ከአውሮፕላን ማረፊያው ስቶን ታውን ቅርብ ነው፤ ሰባት ኪሎ ሜትር አካባቢ። ታክሲዎቹ ቆጣሪ የላቸውም። ሻንጣው ሳይጫን ዋጋ ጨርሱ። ቀለል ያለ ሻንጣ ያለው ሰው ደግሞ 505 ቁጥር ዳላዳላ ይሳፈር። ዳላዳላ ማለት የኛ ሚኒባስ ታክሲ ነው፤ ረዳቱም፣ መታጨቁም፣ ሙዚቃውም ያው። ግንባሩ ላይ የተጻፈው «ዩ/ንዴጌ» የአውሮፕላን ሜዳ ማለት ነው። ንዴጌ በስዋሂሊ ወፍም አውሮፕላንም ነው። መውረድ ስትፈልጉ «ሹሻ!» በሉ። «ወራጅ አለ» ማለት ነው። ወደ ሰሜኑ ኑንግዊ የሚሄደው 116 ቁጥር ነው። ርካሽ ነው፣ ግን ቀስ ይላል፤ ጀንበር ከጠለቀች በኋላ አትተማመኑበት።

መኪና ተከራይቶ ራሴ እነዳለሁ ለሚል፦ እዚያ የሚነዳው በግራ ነው፣ የደሴቲቱ ልዩ ፈቃድ ያስፈልጋል፣ ፖሊስም በየመንገዱ ያስቆማል። እኔ አልመክርም።

የሰዓቱ ነገር

ይህ ለኛ ብቻ የሚገባ ደስታ ነው። ስዋሂሊ ተናጋሪ ሰዓቱን የሚቆጥረው እንደኛ ነው። ፀሐይ ስትወጣ 12፣ ከዚያ 1፣ 2 እያለ ይሄዳል። «ሳ ምቢሊ አሱቡሂ» ካላችሁ ልክ የኛው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው። አገሩም ከኛ ጋር በአንድ የሰዓት ክልል ላይ ስለሆነ የእጅ ሰዓታችሁን አትነኩትም።

ወጥመዱም እዚሁ ላይ ነው። እኔ ለአንድ ሹፌር በእንግሊዝኛ «ጠዋት 2 ሰዓት» ብዬ መልእክት ጻፍኩ። የኛን 2 ሰዓት ማለቴ ነበር። ምስኪኑ ሰው ከሌሊቱ 8 ሰዓት መጥቶ ስልኬን አቃጠለው። ጥፋቱ የኔ ነው። ሕጉ እንዲህ ነው፦ ሰዓቱ ቋንቋውን ይከተላል። በስዋሂሊ ከተነጋገራችሁ የኛ ሰዓት ነው፤ በእንግሊዝኛ ከሆነ የፈረንጅ። ቀጠሮ ስትይዙ ሁለቱንም ተናገሩ።

አሁን ወደ ባሕሩ

የሕንድ ውቅያኖስ እዚህ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፤ ሁለት ጊዜ ይሸሻል። ከሙላት እስከ ሽሽት ስድስት ሰዓት ከትንሽ ደቂቃ ነው። በየቀኑም ወደ 50 ደቂቃ ገደማ ይዘገያል። ዛሬ ቀትር ላይ የሞላ ባሕር፣ ከሳምንት በኋላ ቀትር ላይ ሸሽቶ ታገኙታላችሁ። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወለድ ልዩነቱ ይከፋል፤ በሙላቱና በሽሽቱ መካከል እስከ 4 ሜትር ከፍታ ሊኖር ይችላል። ዓሣ አጥማጆቹ ይህን ጊዜ «ባምቩዋ» ይሉታል። ሙላቱ «ኩጃ»፣ ሽሽቱ «ኩፕዋ» ነው። እነዚህን ቃላት ያዙ፤ ማንንም ሽማግሌ ብትጠይቁ ያለ ስልክ ሰዓቱን ይነግራችኋል።

ይህ ለእናንተ ምን ማለት ነው? የምሥራቁ ዳርቻ፣ ማለትም ማቴምዌ፣ ኪዌንግዋ፣ ፓጄ፣ ጃምቢያኒ፣ ሜዳማ ነው። ከሩቅ የኮራል (ድንጋይ መሰል የባሕር ፍጥረት) ድንበር አለ፤ ውሃው ሲሸሽ እስከዚያ ድረስ ይሄዳል። ለሰዓታት መዋኘት የለም። በሰሜን ጫፍ ያሉት ኑንግዊና ኬንድዋ ግን ጥልቀታቸው ወዲያው ስለሚጀምር ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ይዋኝባቸዋል። ጀንበር ስትጠልቅም ከዚያ ትታያለች። በምሥራቅ በኩል ካረፋችሁ የምታዩት መውጫዋን ነው።

እንግዲህ ምርጫው የጠባይ ነው። ልጆች ካሏችሁ፣ ወይም ሦስት ቀን ብቻ ይዛችሁ «ውሃ ውስጥ ነው የምውለው» ካላችሁ፣ ሰሜን ሂዱ። ጫጫታ አለው፣ ጀልባው፣ ሙዚቃው፣ ሻጩ ይበዛል። ጸጥታ የምትፈልጉ፣ በእግር መሄድ የምትወዱ ጃምቢያኒ ሂዱ። በነፋስ የሚጎተት ሰሌዳ ላይ መንሸራተት መማር የሚፈልግ ፓጄ ይውረድ፤ ኩሲና ካስካዚ የሚነፍሱለት ለእሱ ነው።

ደግሞም ሽሽቱን አትጥሉት። እኔ መጀመሪያ ቀን የተናደድኩበት ነገር በኋላ የምወደው ሆነ። ውሃው ሲሄድ አሸዋው ላይ ወጥታችሁ በእግር ሂዱ። ኮከብ ዓሣ፣ ሸርጣን፣ በእንጨት ችካል ላይ በገመድ የተወጠረ የባሕር ሣር እርሻ ታያላችሁ። እርሻው በአብዛኛው የሴቶች ነው። የራሳቸው ገቢ ነው። በመሃሉ አትርገጡ፤ ፎቶ ከማንሣታችሁ በፊት ጠይቁ። የጎማ ጫማ ያልኩት ለዚህ ነው፤ የጥቁሩ የባሕር ፍጥረት እሾህ እግር ውስጥ ከገባ ቀኑን ሙሉ ያስለቅሳል። ውሃው መመለስ ሲጀምር ደግሞ ቀድማችሁ ውጡ፤ ከኋላችሁ ያለው ጎድጎድ መጀመሪያ ነው የሚሞላው።

ሆቴል ስትይዙ እንዲህ አድርጉ። የምትሄዱበትን ቀን የዛንዚባር የባሕር ሙላት ሠንጠረዥ በኢንተርኔት ክፈቱ። ሙላቱ ከጠዋቱ 3 እስከ ከቀኑ 10 ሰዓት መካከል የሚወድቅባቸውን ቀናት አስምሩ። እነዚያን ለምሥራቁ ስጡ፤ የቀሩትን ለስቶን ታውን። የጀልባ ሽርሽሩም በዚሁ ይወሰናል። ናኩፔንዳ የምትባለው የአሸዋ ደሴት (ስሟ «እወድሃለሁ» ማለት ነው) ባሕሩ ሲሞላ ትሰምጣለች። ሚቻምቪ ፒንግዌ ላይ ያለው ድንጋይ ላይ የተሠራው ምግብ ቤት ደግሞ በሽሽት በእግር፣ በሙላት በጀልባ ነው የሚኬድበት።

ስቶን ታውን

ሁለት ሌሊት ስጧት። እ.ኤ.አ. በ2000 በዩኔስኮ የተመዘገበች ከተማ ናት። ሰፈሩ እንደ ሐረር ጀጎል ጠባብ ነው፤ ካርታ ተዉና ጥፉ። ሄዶ ሄዶ ወይ ባሕሩ ወይ ዋናው መንገድ ያወጣችኋል።

መጀመሪያ ማየት ያለባችሁ የአንግሊካን ካቴድራሉን ነው። የቆመው የባሪያ ገበያ በነበረበት ቦታ ላይ ነው። ገበያው እ.ኤ.አ. በ1873 ተዘጋ፤ ግንባታው በዚያው ዓመት ተጀመረ። መሠዊያው ያለው ሰው ታስሮ ይገረፍበት የነበረው ግንድ በቆመበት ላይ ነው ይባላል። በግቢው ከመሬት ዝቅ ያሉ፣ ጎንበስ ተብሎ የሚገባባቸው ክፍሎች አሉ። ውጭ ደግሞ ጉድጓድ ውስጥ የቆሙ፣ አንገታቸው በሰንሰለት የተያያዘ የሰው ምስሎች። አስጎብኚ ያዙ፤ ዝም ብሎ በፎቶ የሚታለፍ ቦታ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ1883 የተሠራው «የድንቆች ቤት» በታኅሣሥ 2020 ከፊሉ ስለተደረመሰ ውስጡን አያለሁ ብላችሁ ቀን አትመድቡለት። ማታ ማታ ከፊቱ ባለው ፎሮዳኒ መናፈሻ የመንገድ ላይ ምግብ አለ፦ ዓሣ በእንጨት፣ የሸንኮራ ጭማቂ፣ «ዛንዚባር ፒዛ» የሚሉት በስስ ሊጥ የተጠቀለለ ነገር። ሰው የሚሰለፍበት ጋ ብሉ። ዋጋ ሳትጠይቁ አትንኩ፤ ለባዕድ ዋጋው ይዘላል። እኔ የምመርጠው ኡሮጆ ነው። ቀጭን፣ ኮምጠጥ ያለ ሾርባ፣ ውስጡ ድንችና ባጂያ (በዘይት የተጠበሰ የጥራጥሬ ሊጥ)።

ጆውስ ኮርነር የሚባል አደባባይ አለ። ሽማግሌዎች ዶሚኖ እየተጫወቱ መራራ ቡና በትንንሽ ሲኒ ይጠጣሉ፤ ከጎኑ በስኳር የተጋገረ ኦቾሎኒ። ከጀበና ቡና ጋር አታወዳድሩ። ቁጭ ብላችሁ ጠጡ። ለሽማግሌ ሰላምታው «ሺካሞ» ነው፤ መልሱ «ማራሃባ»። ይህችን አንዲት ቃል የሚያውቅ እንግዳ በየሄደበት ወንበር ይለቀቅለታል።

አንለቅም የሚሉ ደላሎችም አሉ። ሕዝቡ «ፓፓሲ» ይላቸዋል፤ መዥገር ማለት ነው። «ሃፓና፣ አሳንቴ» (አይ፣ አመሰግናለሁ) ብላችሁ እርምጃ አትቀንሱ። መቆጣት አያስፈልግም።

ለጾመኛና ለሌላው

ሥጋው ሁሉ ሃላል ነው። በዚህ የምትጠነቀቁ ክርስቲያኖች አትጨነቁ፤ ዓሣ ሞልቷል። ለጾም ደግሞ ኮኮናት ይክሳችኋል። ባቄላ መሰል ቦሎቄ በኮኮናት ወተት፣ ሩዝ በኮኮናት ወተት፣ ካሳቫ፣ ሙዝ፣ ጎመን መሰል ምቺቻ። ግን ቅቤ ሊገባ ስለሚችል «ቢላ ሳምሊ፣ ቢላ ማዚዋ» በሉ፤ ያለ ቅቤ፣ ያለ ወተት። የቧንቧ ውሃ አትጠጡ።

ከባሕሩ ውጪ

የቅመም እርሻ ጉብኝት ግማሽ ቀን ነው። ቅርንፉድ ዛፍ ላይ ሳለ አይቼ አላውቅም ነበር። ስሙም «ካራፉ» ሲሉት ጆሮ ይይዛል። ቀረፋ፣ ሄል፣ እርድ፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ሁሉንም ከነሥሩ ታያላችሁ። ቅመም ግን እርሻው ላይ ሳይሆን ዳራጃኒ ገበያ ግዙ፤ ይረክሳል።

ጆዛኒ ጫካ ከስቶን ታውን 35 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዓለም ላይ ዛንዚባር ብቻ የሚገኝ ቀይ ጀርባ ያለው ጉሬዛ መሰል ዝንጀሮ አለ። ከሰው አይሸሽም። እናንተ ግን አትንኩት፣ አትመግቡት። ቻንጉ ደሴት ላይ እ.ኤ.አ. በ1919 ከሲሼልስ በስጦታ የመጡ ግዙፍ ኤሊዎች ዘር አለ። ኪዚምካዚ ሄዶ ዶልፊን ማየትን አልወደድኩትም። ብዙ ጀልባ ጥቂት ዶልፊን ሲያሳድድ ነው ያየሁት።

መመለሻ

ለመጥለቅ የምትሄዱ፣ ከመጨረሻው መጥለቅ እስከ በረራው ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ተዉ። ዛጎልና ኮራል በሻንጣ አትክተቱ። ትኬታችሁ ላይ 16:00 የሚል ከሆነ የኛው 10 ሰዓት ነው፤ ሦስት ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱ። ከኑንግዊ የምትነሡ መንገዱን ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ አስቡለት። ሹፌሩን «ሳ ታኖ አሱቡሂ» በሉት፤ ረፋድ 5 ሰዓት። ከዚያ ስልኩ ላይ 11:00 ብላችሁ ጻፉለት።